ሳላለቅሰው የቀረሁት ለቅሶ ድምፄን ሲወስደው

መጀመሪያ የጠፋው ድምፄ ነው። ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጎልማሶችን አስተምር ነበር። ማክሰኞ ከሰዓት ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ ላስነብብ አፌን ከፈትኩ። ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ጉሮሮዬን አላመመኝም፤ ትኩሳትም የለኝም። ደግሜ ሞከርኩ። ምንም።

ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ታናሽ ወንድሜን ይማምን ደራሽ ውሃ ወስዶት ነበር። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ የቤቱ ትልቅ እኔ ነበርኩ። አስቀበርኩ፣ ለቅሶ ደራሽ ተቀበልኩ፣ እናቴን ደገፍኩ። እንባ ጠብ አላለኝም። «ወንድ ማለት እንዲህ ነው» አሉኝ። እኔም አመንኳቸው።

የመንደራችን ሸህ ዱዓ አደረጉልኝና «ሐኪም ዘንድም ሂድ፤ ሰበቡን ማድረስ ከኛ፣ ፈውሱ ከአላህ ነው» አሉኝ። የክሊኒኩ ድሬሰር ቴትራሳይክሊን የሚባል ክኒን ሰጠኝ። ጨረስኩት። ለውጥ የለም። በሦስተኛው ሳምንት በጭነት መኪና የጣርማ በርን ዳገት ወጥቼ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ደረስኩ።

ዶክተሩ ሸምገል ያሉ ናቸው። ትንሽ መስታወት ጉሮሮዬ ውስጥ አስገብተው አዩ።

«የድምፅ አውታሮችህ ደህና ናቸው። እስቲ ሳል።»

ሳልኩ። ድምፅ አለው! ራሴው ደነገጥኩ።

«ይህ ፈንክሽናል አፎኒያ ይባላል፤ ጉሮሮ ሳይታመም ድምፅ ሲጠፋ ነው። ምን ደረሰብህ?»

ወረቀት ላይ «ወንድሜ ሞተ» ብዬ ጻፍኩ።

«አለቀስክ?»

እንዳላለቀስኩ በምልክት ነገርኳቸው።

«ፍርሃት ባይኖርህ ከጎርፍ አትሸሽም። ቁጣ ባይኖርህ ለተበደለ አትቆምም። ሐዘንም ሥራ አለው፤ መጎዳትህን ለሰው ነግሮ ሰው ያስጠጋልሃል። አንተ አፈንከው፤ ድምፅህም አብሮ ታፈነ። ለማንም ያልነገርከውን ጻፍልኝ።»

ውሃው በወሰደው ቀን ጠዋት ከይማም ጋር ተጣልተን ነበር። በሬዎቹን ከወንዝ ማዶ እንዲያመጣ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። በቁጣ ነው ያዘዝኩት። ጻፍኩት።

አነበቡና «ውሃው እንደሚመጣ ታውቅ ነበር?» አሉኝ።

ራሴን ነቀነቅኩ፤ አላውቅም ነበር። እኛ ጋ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ የዘነበው ደጋ ላይ ነው።

«ይህንንም ጨምርበት። ከዚያ ለእናትህ ስጣት። በየጠዋቱም አፍህን ዘግተህ ‹እም› በል፤ ድምፅህን ያለማምደዋል።»

እናቴ ከተማሪዎቼ አንዷ ነበረች። ፊደል ከለየች ገና ወራት ቢሆናት ነው። ቤት ገብቼ የሰጠኋትን ወረቀት ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ጣቷን ከፊደል ፊደል እያሳለፈች ቀስ ብላ አነበበችው። እስከ መጨረሻው። ከዚያ ቀና አለች።

«እኔ እኮ ብቻዬን የማለቅስ መስሎኝ ነበር፣ ልጄ።»

ጮሄ አለቀስኩ። ለቅሶው ድምፅ ነበረው። መሐሉ ላይ «እማ!» አልኩ፤ ሁለታችንም ሰማነው።

ከዚያ በኋላ ድምፄ እንደ ልጅ ድክ ድክ እያለ ተመለሰ፤ መጀመሪያ ሻካራ፣ ቀጥሎ ቀጭን፣ በሁለተኛው ሳምንት ግን ክፍል ገብቼ ከጥግ እስከ ጥግ በሚሰማ ድምፅ ሳስነብብ አሮጊቶቹ ተማሪዎቼ እልልታቸውን ለቀቁት፤ ትምህርቱም ለዚያ ቀን በዚያው ቀረ። እናቴም በዘመቻው መጨረሻ ፈተናውን አልፋ የምስክር ወረቀቷን ስትቀበል፣ ስሟን ከመድረክ የጠራሁት እኔ ነበርኩ።

አልሐምዱሊላህ። እኚያን ዶክተርና እናቴን አላህ ይባርክልኝ። እናንተም ከሐዘን በኋላ ድምፅ፣ እንቅልፍ ወይም ምግብ እምቢ ካላችሁ አስቀድማችሁ ሐኪም ዘንድ ታዩ፤ ሌላ በሽታ እንዳይሆን። ከዚያ ለማንም ያልነገራችሁትን ለአንድ ሰው ንገሩ። እኔ ካለቀስኩ ቤቱ ይፈርሳል ብላችሁ አትፍሩ። እኔ ባለቀስኩበት ቀን እናቴ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግባ በላች።