ራይት የለመደው ካሜራ

ማተሚያ ቤታችን ከፒያሳ ወደ እሪ በከንቱ ሲወርዱ ቁልቁለቱ ላይ ነው። የተቀጠርኩ ዕለት በሩን ስገፋ መጀመሪያ የቀለም ሽታ ተቀበለኝ፤ ቀጥሎ ጋሼ ተክሌ። ያኔ ፎርማን ነበሩ። ከላይ እስከ ታች አይተውኝ፣ «ዓይንሽ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ደህና ነው፣ ጋሼ።»

«እዚህ ቤት ደህና አይበቃም። ነይ፣ ዘይነባ አጠገብ ተቀመጪ።»

ሥራው የመድኃኒት ካርቶን ለቀማ ነው። ማሽኑ አትሞና ቆርጦ ያወጣውን፣ ገና ያልታጠፈ ካርቶን መብራት ሥር እናያለን። ቀለሙ የሸሸ፣ ፊደሉ የጎደለ፣ ቁጥሩ የደበዘዘ ካለ ወደ ጎን እንጥላለን። በመድኃኒት ካርቶን ቀልድ የለም፤ መጠኑ ላይ አንዲት ነጥብ ከጠፋች ሰው የሚውጠው ሌላ ነው። የቅጥር ደብዳቤያችን ላይ «የጥራት ተቆጣጣሪ» እንባላለን፤ ቤቱ ውስጥ ግን ለቃሚዎች ነን።

የዘይነባ አባት ከወሎ መጥተው አራዳ የከተሙ ነጋዴ ናቸው። እሷ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ምላሷ የማይያዝ ሴት ናት። «ወይንሸት፣ እንዳታነቢ!» አለችኝ ገና ስቀመጥ። «ካነበብሽ የጎደለውን ፊደል ጭንቅላትሽ ይሞላልሻል። ዝም ብለሽ እዪ።» በዚያች ምክር እስከ ዛሬ እንጀራ በላሁ።

አንድ ልማድም አስተማረችኝ። የተጠራጠርነውን ካርቶን በማጉያ መነጽር መርምረን ደህና ከሆነ፣ ሙጫ የሚቀባው ጠርዝ ላይ በሰማያዊ እርሳስ ትንሽ ራይት እናደርጋለን። ካርቶኑ ሲጣበቅ ራይቷ ውስጥ ትቀራለች፤ ደንበኛ አያያትም። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። ከጊዜ በኋላ እጃችን ሳናዘው ራይት ማድረግ ለመደ።

ዓመታት አለፉ። ጋሼ ተክሌ የምርት ኃላፊ ሆኑ፤ የዘይነባ ዓይን ደግሞ ያለቅስ ጀመር። ሲጠይቋት «ሽንኩርት ነው» ትላለች። ማተሚያ ቤት ውስጥ ምን ሽንኩርት አለ! አንድ ቀን ቴዎድሮስ አደባባይ ታክሲ ስንጠብቅ እውነቱን ነገረችኝ። ሐኪሙ፣ መብራት ሥር ማፍጠጡን ከተውሽ ይሻልሻል፣ ካልተውሽ ይብስብሻል ብሏታል።

«የልጄ ሠርግ እየደረሰ ነው» አለች። «ቀሚስሽን በእጄ እጠልፍልሻለሁ ብያታለሁ። ወላሂ፣ ወይንዬ፣ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃተኝ። ሥራውን ልተወው ብል ቤቴን ማን ይይዘዋል?» ሰው መሀል ቆመን ተላቀስን። ታክሲውም አመለጠን።

ብዙም ሳይቆይ ጋሼ ተክሌ ሰበሰቡን። «ካርቶን የሚያይ ካሜራ ሊመጣ ነው።»

«በቃ፣ ተበላን!» አለች አንዷ ከኋላ።

«ማንም አትበላም! ካሜራው ሁሉንም ያያል፤ እናንተ እሱ የጣለውን ብቻ በስክሪን አይታችሁ ትፈርዳላችሁ። ሙከራው ካልተሳካ ግን ይመለሳል፣ እንደ ድሮው እንቀጥላለን።» ሌሎቹ አጉረመረሙ። እኔ የዘይነባን ዓይን እያሰብኩ፣ ይሳካ ብዬ ተሳልኩ።

ካሜራውን ይዞ የመጣው መሐንዲስ ሮቤል ይባላል፤ ወሬ የሚወድ ልጅ ነው። ማሽኑን እየገጠመ ያጫውተናል። ውሃ ፋብሪካ እንዲህ ያለው ካሜራ ክዳኑ የተንጋደደ ጠርሙስ ይይዛል፤ ብስኩት ፋብሪካ የተሰበረውን ይለያል፤ ቡና ማበጠሪያ ቤት ጥቁሯን ፍሬ በአየር እፍ ብሎ ያስወጣል።

«ቡና ሲለቅሙ የነበሩት ሴቶችስ?» አለች ዘይነባ።

«ወገባቸውን አቀኑ፣ እትዬ። አሁን ማሽኑን የሚቆጣጠሩት እነሱ ናቸው።»

ካሜራው የሚማረው በናሙና ነው። ሮቤል «ጥሩ ጥሩውን አንድ ላይ፣ መጥፎውን ለብቻ ስጡኝ» አለን። ጥሩ ለተባለማ አንታማም፤ በማጉያ መርምረን ያሳለፍነውን፣ የምንምልበትን ካርቶን መርጠን ሰጠነው።

የሙከራው ቀን ካርቶን የሚያጓጉዘው የማሽኑ ቀበቶ ተንቀሳቀሰ። የመጀመሪያው ካርቶን ካሜራው ሥር አለፈና ቀይ መብራት በራ፤ ተጣለ። ሁለተኛውም ተጣለ። ከዚያ ሁሉም! የመጣያው ሣጥን እስከ አፉ ሞላ። ሮቤል መስታወቱን ወለወለ፣ መብራቱን አስተካከለ፣ ላቡን ጠረገ፤ ወይ ፍንክች።

«ከእኔ የባሰ ነዝናዛ አመጣህብኝ እኮ!» አሉ ጋሼ ተክሌ። ደንበኛው ካርቶኑን እየጠበቀ ነበር። «እስከ ምሳ እናየዋለን። ካልሆነ ንቀለው፣ ልጆቹም ወደ ጠረጴዛቸው ይመለሱ።»

ዘይነባ ዞራ የጠረጴዛውን መብራት አየችው። አንጀቴን በላችው።

በንዴት ከተጣለው አንዱን አንስቼ በማጉያ አገላብጬ አየሁት። ምንም የለበትም! «እስቲ ይሄ ምን አጠፋ?» ብዬ ቀበቶው ላይ ወረወርኩት። አረንጓዴ በራ። አለፈ።

ሮቤል አፈጠጠብኝ። «ምን አደረግሽው?»

«ኧረ ምንም! አየሁት እንጂ!»

«እስቲ ድገሚው።»

ሌላ አንስቼ መረመርኩና መለስኩት። እሱም አለፈ። ዘይነባ እጄን ስትመለከት ቆይታ ጮኸች፤ «ወይኔ ጉዴ! ራይቷን ነው! ራይት እያደረግሽበት እኮ ነው!»

ሮቤል ወደ ናሙናዎቹ ሮጠ። ጥሩ ያልናቸው በሙሉ ራይት አላቸው፤ መጥፎዎቹ የላቸውም። ካሜራው የተማረው ኅትመቱን ሳይሆን ሰማያዊዋን እርሳስ ነው። «እኔ ደግሞ የኅትመቱ አካል መስላኝ!» ብሎ ራሱን ያዘ። ጋሼ ተክሌ ለማረጋገጥ ግማሽ ፊደሉ የጠፋ ካርቶን አንስተው ራይት አደረጉበትና ለቀቁት። አረንጓዴ!

«ይሄማ የኛው ቤት ልጅ ሆኗል» አሉ። «ራይት ካየ ሌላ አያይም።»

«ካሜራውን ፋራ አደረግነው፣ ጋሼ!» አለች ዘይነባ። ሳቅን፣ ሳቅን፣ ሮቤል መሬት ላይ ቁጭ አለ።

እርሳሶቻችንን ጋሼ ተክሌ ሰብስበው ኪሳቸው ከተቱ። ራይት የሌለው ናሙና መርጠን ካሜራውን እንደገና አስተማርነው። ከሰዓት በኋላ ደህናውን ማሳለፍ ጀመረ። ደንበኛው መጥቶ በር ላይ እንደቆመ ካሜራው አንድ ካርቶን ጣለ፤ በስክሪን አጉልተን ብናየው የመጠኑ ነጥብ የለችም። ቀበቶው ላይ ከመውጣቱ በፊት እኔ በዓይኔ አይቼ አሳልፌው ነበር። ካሜራው ሳይነቀል ቀረ፤ ዘይነባም ወደ ጠረጴዛው አልተመለሰችም።

አሁን በተራ ስክሪኑ ፊት እንቀመጣለን። ከመሀላችን የወጣ የለም፤ ሁለቱ ማሽን ማንቀሳቀስ ተምረው ደረጃቸው አደገ። ሮቤል ሌላ ቦታ ካሜራ ሲተክል አንዳንዴ ይዞኝ ይሄዳል። ብስኩት ፋብሪካ የወሰደኝ ጊዜ መጀመሪያ የጠየቅኩት ለቃሚዎቹን ነው፤ «ያለፈውን በምን ታውቁታላችሁ?» እነሱ ያለፈውን ፓኬት በጀርባው ያስተኙታል ለካ! ናሙናው ሁሉ፣ ጥሩውም መጥፎውም፣ በአንድ ወገን እንዲተኛ አደረግኩ።

ከሠርጉ በፊት፣ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ዘይነባ ነጭ ቀሚስ ከከረጢት አወጣች። መርፌውን በአንድ እጅ፣ ክሩን በሌላው ያዘች። ሁላችንም ማኘክ አቆምን። ክሩን በምራቋ ነካ አደረገችና ሰደደችው።

«በአንዴ ገባ!» አለች። «አልሃምዱሊላህ! ወይንዬ፣ በአንዴ ገባ!» ክፍሉ በእልልታ ተናጋ። ጋሼ ተክሌ «ማሽኑ ምን ሆነ?» እያሉ ሮጠው ገቡ።

አዲስ ለምትገቡ የምለው ይሄን ነው። ማሽን ስታስተምሩ፣ የለመዳችሁትን ምልክት መጀመሪያ ከናሙናው ላይ አጥፉ። ማታ ደግሞ ዓይናችሁን ይዛችሁ ቤታችሁ ግቡ።