የዳሯ ጎጆ መብራት

ከጎንደር ወደ ቅድስት አገር ከመጣን በኋላ ባለቤቴ ሻአሪያ በሚባል ሰፈር አንድ ሽማግሌ ታስታምም ነበር። ሰውየው ከክፍሎቻቸው አንዱን ለባቡር ሰጥተውት ነበር። ልጆች የሚጫወቱበት ዓይነት አይደለም። በሰፊ ጣውላ ላይ ሐዲዱ፣ ጣቢያው፣ ዋሻው፣ ቤቶቹ ሁሉ ከእውነተኛው እየተቀነሱ ተሠርተዋል፤ በየቤቱ ውስጥ ደግሞ ከስንዴ ፍሬ የማትበልጥ መብራት አለች። እሷ ጠዋት አጥባ፣ አብልታ፣ መድኃኒታቸውን ሰጥታ ስትጨርስ ወንበራቸውን ወደ ጣውላው ትገፋና አብራቸው ትቀመጣለች። ቤት መቀባትና ሽቦ ማያያዝ አስተማሯት። ሲሞቱ ልጆቻቸው «ወይ አንቺ ውሰጂው፣ ወይ ይጣላል» አሏት።

አሚሻቭ ሰፈር ያለው ቤታችን ጠባብ ነው። ጣውላው በደረጃው ተጎትቶ ሲገባ ተቆጣሁ።

«በዚህ ዕድሜሽ መጫወቻ?»

«አንተ ጋዜጣህን ይዘህ ከመንግሥት ጋር ትጣላለህ፤ እኔ ደግሞ ባቡሬን እነዳለሁ» አለችና የመኝታ ቤቱን ጥግ ያዘች።

ቀስ በቀስ ከጣቢያው ማዶ የእኛን የጎንደር መንደር ሠራች። ግድግዳው ቡሽ፣ ክዳኑ የመጥረጊያ ጭራሮ ነው። የጸሎት ቤቱን ሠራች፣ የአንጥረኛውን ቤት ሠራች። መጨረሻ ላይ ከሁሉም ራቅ አድርጋ ከዳር አንዲት ትንሽ ጎጆ አስቀመጠችና ዙሪያዋን በጠጠር አጠረች። ሳያት ወዲያው አወቅኋት። በአገራችን ሴት ደም ሲመጣባት፣ ስትወልድም፣ ለብቻዋ የምትቀመጥባት የመርገም ጎጆ ናት። ምግብ ከድንጋዩ አጥር ወዲህ ሆነው ያቀብሏታል፤ አጥሩን ማንም አያልፍም።

«ይህቺን ደግሞ ለእንግዳ ልታሳዪ ነው?» አልኳት።

«እዚያ ነው የተወለድኩት። ሰንበት ነበር፣ እሳት አይነድም። አዋላጇ በዳበሳ ነው የተቀበለችኝ። ዛሬ መብራት ይግባላት።»

አስገባችላት። ቢጫ፣ ለስላሳ መብራት። እኔም አንዳንዴ እሷ ሳታየኝ ጎንበስ ብዬ ጎጆዋን አያት ነበር።

ዝናብ ሲጀምር ታመመች። ሆስፒታል ብዙ ቆየች። ከዚያ ሐኪሞቹ ለአንድ ሰንበት ወደ ቤት ትምጣ አሉ። ለምን እንደፈቀዱ ገብቶኛል፤ እሷም ገብቷታል። እሷ ያለችው ይህን ብቻ ነው፦ «ሳሎን አንጥፍልኝ። ጣውላውን ከአልጋው ፊት አድርግልኝ። ባቡሩ ባይሄድም ግድ የለኝም። መብራቶቹ ይብሩ። የዳሯን ጎጆ በርታ ልያት።»

ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም።

እኔ ትምህርት ቤት የገባሁ ሰው አይደለሁም። ማንበብን በዕብራይስጥም በአማርኛም ራሴን አስተማርኩ። የቤቴን ቧንቧ እጠግናለሁ፣ በር እሰቅላለሁ። ስለዚህ ጣውላውን ወደ ሳሎን ስጎትት ለመብራቶቹ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ቻርጀር ከግድግዳው ተነቅሎ ወድቆ ሲሰበር አልደነገጥኩም። ከተማ ወርጄ ገበያው አጠገብ ካለ ሱቅ ቮልቱ ተመሳሳይ የሆነ ሌላ ገዛሁ። ጫፉ አልገጥም ሲል ቆርጬ ሁለቱን ሽቦዎች ከሁለቱ ጋር አሰርኩ። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚሆን አላሰብኩም። የቤት አምፑል እኮ እንዴትም ብታገናኘው ይበራል።

አንድም አልበራ። ጣቢያው ጨለማ፣ መንደሩ ጨለማ። ሁሉም ተቃጠሉ ብዬ ደመደምኩ። ሁሉንም መቀየር ባልችል አንዷን ላድን ብዬ የዳሯን ጎጆ ክዳን አነሳሁና መብራቷን ከነሽቦዋ ነቀልኩ፤ ስነቅላት ተሰበረች። ከሽቦው ላይ አንዲት ባለቀለበት ዘንግ ነገር ተንጠልጥላለች። ጌጥ መሰለችኝ፤ ቆርጬ ጣልኳት።

ከዚያ አዲስ መብራት ገዝቼ በቀጥታ ከቻርጀሩ ጋር አነካካሁ። በአንድ በኩል ሳደርገው ዝም አለ። እግሮቹን አገላብጬ ስነካው እንደ መብረቅ ነጭ ሆኖ ፈነጠቀ፤ የመቃጠል ሽታ ሸተተኝ፤ አበቃ።

ሐሙስ ልጃችን እናቷን ለመቀበል መጣች። እዚህ ነው የተወለደችው፤ በአማርኛ ስናገራት በዕብራይስጥ ትመልሳለች፤ ሰንበት አትጠብቅም፤ በዚህ ተጣልተን እናውቃለን። ጣውላው ሥር ተንበርክካ በስልኳ መብራት ሽቦዎቹን አየችና ሳቀች።

«አባ፣ ዜ ሃፉክ!» ተገልብጧል ማለቷ ነው። «እነዚህ እኮ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚያሳልፉት። ፕሉሱን ከማይነሱ ጋር አስረኸዋል።»

ሁለቱን ሽቦዎች አቀያየረች። መንደሩ በሙሉ በራ። ከተነቀለችው ጎጆ በስተቀር ምንም የተበላሸ አልነበረም።

ስለቆረጥኳት ጌጥ ስነግራት «የት ጣልካት?» አለችኝ።

ከቆሻሻ ቅርጫቱ አወጣኋት። ለካ ኃይሉን የምትገታው እሷ ናት፤ እሷ ከሌለች መብራቱ የሚደርሰውን ሁሉ ጠጥቶ ይሞታል። ልጄ ተረፍ ያሉ መብራቶች ከእናቷ ሣጥን አገኘች። ቢጫ አልነበረም፤ ነጩን ወሰድን።

«እኔ ልበይደው?»

«እኔ ነኝ የምሠራው» አልኳት። ለሚስቴ በእጄ ልሠራላት ፈለግሁ።

መበየጃውን አጋልኩ። እርሳሱን አቅልጬ በሽቦው ላይ አንጠባጠብኩት። ኳስ ኳስ ሆኖ ተቀመጠ። ጎጆዋ በራች፤ ትንሽ ቆይታ ብልጭ ድርግም አለች፤ ሽቦውን በጣቴ ጫን ሳደርገው ጸጥ ብላ በራች።

«በሰደር፣ ደህና ነው» አልኩ። ሽቦውን ወደ ውስጥ ከተትኩ፣ ክዳኑን መለስኩ።

«አባ፣ ጎተት አድርገህ ሞክረው።»

«በርቷል እኮ! የበራ ነገር ምን ይነካካል?»

«እኔ ልጅ ሳለሁ ጫማዬን ባሰርኩ ቁጥር ‹ጎትተሽ አሳዪኝ› የምትለኝ ማን ነበር?»

ወደ ወጥ ቤት ሄድኩ።

አርብ ከሰዓት አመጧት። ከስታ ቀልላ ነበር። አልጋው ላይ ደግፈን አስቀመጥናት። መብራቶቹን ከሰንበት ሰዓት ጋር አገናኝቻቸዋለሁ፤ ሰው ሳይነካቸው በሰዓታቸው በርተው በሰዓታቸው የሚጠፉበት ዕቃ ነው። ሻማ ተለኮሰ፣ ሰንበት ገባ። እጄን ታጥቤ ከጸሎት ስቀመጥ ሰዓቱ ጠቅ አለና ጣቢያውም መንደሩም አንድ ላይ በራ።

አንዲት ጎጆ ብቻ ጨለማ ናት።

ባለቤቴ ወደ እሷ አየች። ጎጆዋ አንድ ጊዜ ብልጭ ያለች መሰለኝ፤ ምናልባት ዓይኔ ነው። ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ። የእኔ ብየዳ ለቋል። በጣት አንዴ ጫን ቢያደርጉት ይበቃው ነበር።

«ነካ ብታደርጋት?» አለች ባለቤቴ በቀስታ።

«ሰንበት ነው» አልኳት።

ልጄ ብድግ አለች። «እኔ እነካታለሁ። ኃጢአቱ የእኔ ይሁን።»

«በእኔ ቤት ሰንበት አይሻርም። ተቀመጪ!»

«አባ፣ ጣት ናት! አንዲት ጣት!»

«እሳት መለኮስ ነው። በጣትም ይለኮስ በክብሪት ያው ነው።»

ባለቤቴ የልጄን እጅ ያዘች። «ተዪው፣ ልጄ። ትክክል ነው። አገር ቤትም ሰንበት ሲገባ እሳቱን አጥፍተን በጨለማ ነበር የምንቀመጥ። እሷም ያኔ ጨለማ ነበረች።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ነገ ከዋክብት ሲወጡ ታበራልኛለህ።»

«አበራልሻለሁ» አልኳት።

በማግሥቱ ከሰዓት ትንፋሿ መቆራረጥ ጀመረ። ልጄ ከወንበሯ ሳትነሳ ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ነፍስ ለማዳን ሰንበት ይሻራል፤ ማንም አላስታወሰኝም፣ ማንንም አልጠየቅኩም። አምቡላንሱ መጣ። በቃሬዛ ሲያወጧት በጣውላው አጠገብ አለፈች። ቀን ስለነበር ሰዓቱ ሁሉንም መብራት አጥፍቶታል፤ የምታየው ነገር አልነበረም። ከዋክብት ሲወጡ እኔ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆሜ ነበር። ወደ ቤት አልተመለሰችም። ማክሰኞ አረፈች።

በለቅሶው ሳምንት፣ ጎረቤት ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ ልጄ በአማርኛ ተናገረችኝ። ከእኔ ጋር በአማርኛ የምታወራው ብዙ ጊዜ አይደለም። ቃላቱን እየመረጠች «ለትንፋሿ ሰንበትን ሻርክ፤ ለደስታዋ ግን አልሻርክም» አለችኝ።

ሕጉ እንዲህ ነው አልኳት። ዛሬም እንዲህ ነው የምለው። ያች አርብ ተመልሳ ብትመጣ አሁንም ጣቴን አላነሳም። ይህን የምጽፈው ልመጻደቅ ብዬ አይደለም። ሕግ ስትጠብቅ ልብህ አይሰበርም ያለ ሰው የለም፤ ለልጄም እንዲህ ብዬ አላስተማርኳትም። እኔን የሚያንገበግበኝ አርብ ሳይሆን ሐሙስ ነው። ሐሙስ ሥራ የተፈቀደበት ቀን ነበር፤ መበየጃው ግሎ በእጄ ነበር፤ ልጄም ነግራኛለች። የምታነቡኝ ወጣቶች ሆይ፣ የበራ ሁሉ የተሠራ አይደለም። ክዳኑን ከመመለሳችሁ በፊት ጎትቱት።

ለቅሶው ካበቃ በኋላ ልጄ ጣውላው ሥር አብራኝ ገባች። እርሳሱን ሳይሆን መጀመሪያ ሽቦውን አሙቅ አለችኝ። አሞቅኩ። እርሳሱ ኳስ አልሆነም፤ እንደ ውኃ በሽቦው መሐል ሰረገ። ሲቀዘቅዝ ጎተትኩት። አልለቀቀም።

ያን አርብ ልጄ ወደ ቤቷ አልሄደችም። ሰንበት ሊገባ ሲል ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሰዓቱ ጠቅ አለ፣ መንደሩ በራ፣ የዳሯም ጎጆ በራች። ነጭ ናት፤ ከሌሎቹ ትደምቃለች፤ በጠጠሮቹ ላይ ብርሃኗ ይፈስሳል። ባለቤቴ ብታያት «ይህ የሆስፒታል መብራት ነው፣ ቀይርልኝ» ትለኝ ነበር።

በልተን ስንጨርስ አልጋዋ በነበረበት ቦታ ወንበር አድርገን ተቀመጥን። ዓይናችንን ከጎጆዋ አላነሳንም። ሰዓቱ ጊዜው ሲደርስ ጠቅ ብሎ ሁሉንም አጠፋ። ልጄ አልተንቀሳቀሰችም፤ እኔም አልተንቀሳቀስኩም።