የጦይባ ጉንጭ

ባለፈው ሳምንት ውጫሌ ላይ ባጃጅ እየጠበቅሁ ቆሜ፣ አንድ ሰው ያረጀ የቁልቋል አጥሩን በገጀራ ሲመታ ነጭ ወተቱ እየተንጠባጠበ መንገዱ ላይ ፈሰሰ፤ ያ ጥሬ ባቄላ ጥሬ ባቄላ የሚል፣ ጉሮሮ የሚከረክር ሽታው ደረሰኝና ባጃጁ መጥቶ ሲሄድ አላየሁትም።

ሐይቅ ከተማ ያደግሁበት ቤት አጥሩ ቁልቋል ነበር። እህቴ ጦይባ በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ፀጉሬን የምትጎነጉንልኝ፣ የሞነጫጨርሁትን ስንኝ ሁሉ ቁም ነገር አስመስላ የምትሰማኝ፣ ከቃሪያና ከተጠበሰ ዓሣ ሌላ ከዱንያ ምንም የማትፈልግ የምትመስል ልጅ ነበረች። ለውጥ መጣ ተብሎ ወጣቱ አይሱዙ ላይ ተጭኖ እየጨፈረ በዋናው መንገድ ባለፈበት ዓመት፣ እሷ ለውጡን ዓረብ አገር ልትፈልገው ፓስፖርት አወጣች። ደላላው ፊቷን አየት አደረገና «ይህን ኪንታሮት ጉንጭሽ ላይ ይዘሽ ሜዲካል አያሳልፉሽም» አላት።

ሦስት ነበሩ፤ አንዱ ሽንብራ፣ ሁለቱ ምስር ያህላሉ። ሰፈሩ ምክንያቱን ያውቃል፤ ኮከብ የቆጠረ ሰው ኪንታሮት ያወጣል።

«ጦይባ፣ ኮከቡ ስንት ደረሰልሽ?» ይሏታል ጎረምሶቹ።

«ያንተን የወላለቀ ጥርስ መች ቆጥሬ ጨረስሁና» ትላለች።

አዋቂነታቸውን ራሳቸው የመሰከሩት ጎረቤታችን እትዬ ሐዋ በፈረስ ጭራ ይታሰር አሉ። ጋሪ ነጂው ሁለቴ ከፈረሱ ጭራ አስነጨን፤ ሦስተኛ ስንመለስ «እናንተ ልጆች፣ ጭራውን ጨርሳችሁበት ዝንቡን በምን ያባር?» አለን። ትልቁ ኪንታሮት ደርቆ ወደቀ፤ በሳምንቱ እዚያው ቦታው ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ደሴ ያለው የቆዳ ሐኪም ቀጠሮ ደግሞ ከሜዲካሉ ቀን በኋላ ሆነ። የቀረን የቁልቋል ወተት ነበር፤ ደህናው ቆዳ እንዳይቃጠል ዙሪያውን ቅቤ ቀብቶ፣ በገለባ ጫፍ በያንዳንዱ ላይ አንድ ጠብታ ብቻ ጣል ማድረግና ቶሎ ማጠብ። እትዬ ሐዋ ዓይናቸው ደክሞ ነበርና «ይቺ ልጅ እጇ ቀጭን ነው» ብለው ሥራውን ለእኔ ሰጡኝ።

ጦይባ ዓይኗን በሻሽዋ ሸፍና ራሷን ጭኔ ላይ አደረገች። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አዲሱ ሻንጣዋ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሦስት ጠብታ ጥዬ ማቆም ነበረብኝ። ሻንጣውን አየሁትና ቅቤውን በአውራ ጣቴ ጠርጌ ጉንጯን በወተቱ አራስሁት።

«አቃጠለኝ እኮ» አለች።

«አብሽሪ፣ ሊነቅለው ነው» አልኋት።

ቁስሉ ሁለት ወር ፈጀ፤ ተራዋም ለሌላ ልጅ ተሰጠ። ቀጥሎ ወረርሽኙ መጥቶ በረራ ተዘጋ፣ ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ። ሻንጣው የእናቴ የክረምት ልብስ ማስቀመጫ ሆነ። ሰው ስለ ጠባሳዋ ሲጠይቃት «የእህቴ እጅ ከብዶ ነው» ብላ ትስቃለች። እኔ ፀጉሬን እየተጎነጎንሁ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን መጻፍ ነው የሚያሳፍረኝ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከባድ መሣሪያ ከተማችን ላይ የወደቀ ዕለት የቧንቧ ውሃ ከተቋረጠ ሰንብቶ ነበርና ጦይባ ጄሪካን ይዛ ወደ ሐይቁ ወርዳ ነበር። ጎረቤቶች ተሸክመው አመጧት። ለቀብር የሚያጥቧት ሴቶች እኔን ውሃ አቀባይ አደረጉኝ። የደረቷን ቁስል አጠቡ፤ አንደኛዋ ጉንጯን በጣቷ ነካ አድርጋ «ይህም የፍንጣሪው ነው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኋት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጽፌያለሁ፤ ሳነብለት ቁም ነገር አስመስሎ የሚሰማኝ ሰው ግን የለኝም። ሰዉ «እህቷን ጦርነት የቀማት» ይለኛል፤ አላርመውም። ሄዳ ቢሆን ኖሮ አሠሪዋን በስልክ እያማች ታስቀኝ ነበር ይሆናል፤ አግብታ ወልዳ ረስታኝም ይሆናል። ብትረሳኝ አልሐምዱሊላህ ብዬ እቀበል ነበር።