ከሞጆ እስከ መቂ የተጓዙት ስምንት ፍራሾች

አይ፣ ቆዩ! ገና ሳልጀምር አትሳቁ። «አራተኛ ክፍልን በመስኮት ያየ ፍራሽ አዳሽ የአራት ሆቴል ሥራ አስኪያጅ አዋረደ? ሂድ ወዲያ!» ነው የምትሉት፣ ገብቶኛል። እኔም ሌላ ሰው ቢያወራልኝ አላምንም ነበር። ግን ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ ልዩነቱ እሱ ነው።

ደሞ ከኋላ «ስለ ሆቴል አንተ ምን ታውቃለህ?» የሚል ድምፅ ይሰማኛል። ወንድሜ፣ አንተ ሆቴል ስትገባ የምታየው መጋረጃውንና አስተናጋጇን ነው። እኔ የማየው ሆዱን ነው። ፍራሹን ቀድጄ፣ ጥጡን ዘርግፌ፣ በደጋን ነድፌ፣ መልሼ የምሰፋው እኔ ነኝ። አንተ የተኛህበትን እኔ ውስጡ ገብቼ ነው የማውቀው። ስለዚህ ዝም በልና ስማ።

በደርግ ጊዜ ነው፣ መንገድ ዳር ያሉት ትንንሽ ሆቴሎች ተወርሰው በመንግሥት እጅ ነበሩ። እኛ አካባቢ በአንድ አስተዳደር ሥር ያሉት አራት ናቸው፤ ሞጆ፣ ናዝሬት፣ ወለንጪቲ፣ መቂ። አንድ ታሪፍ፣ አንድ ዓይነት አረንጓዴ በር፣ አንድ ሥራ አስኪያጅ። በየመንፈቁ ተቆጣጣሪዎች ከአዲስ አበባ ይመጡና በየከተማው አንድ አንድ ሌሊት ያድራሉ። ከዚያ «አራቱም በምቾት እኩል ናቸው» ብለው ጽፈው ይሄዳሉ።

እኩል! እስቲ እኔ ልንገራችሁ፣ አራቱም ጋ ሠርቻለሁ፣ አራቱም ጋ አድሬያለሁ። የሞጆው አልጋ እንጨት ነው፣ ገና ስትቀመጥበት ያለቅሳል። መስኮት ከከፈትክ የቆዳ ፋብሪካው ሽታ ይገባል፣ ከዘጋህ ደግሞ ካንተ በፊት ያደረው ሰውዬ ሽታ አብሮህ ይቀራል። ምረጥ። የናዝሬቱ የብረት አልጋ ነው፣ ቧንቧም አለው፣ ግቢው ውስጥ ጥላ አለ። አገሬ ስለሆነች አይደለም የማሞግሳት። እሺ፣ ስለሆነችም ነው። ወለንጪቲ አንሶላውን ስታራግፍ የአንድ ሰው እርሻ የሚያህል አፈር ይወርዳል፣ ውኃ ደግሞ በጀሪካን ነው። መቂ ክፍሉ ሰፊ ነው፣ ግን ትንኟ ካንተ ቀድማ አልጋ ይዛ ትጠብቅሃለች። አራቱም ጋ ሳይለዋወጥ የሚገኘው ፎጣው ብቻ ነው። ሁልጊዜ እርጥብ ነው፣ ማን እንዳረጠበው ግን አይታወቅም።

ታዲያ እነዚህን አራት እንዴት ነው እኩል የሚሏቸው? እሱን ያወቅኩት ተዋርጄ ነው።

ለናዝሬቱ ሆቴል ስምንት ፍራሽ እንደ አዲስ ሠርቼ ነበር። ስምንት ፍራሽ ስላችሁ ሙሽራ የሚያስቀና ፍራሽ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ቀን «ሥራ አስኪያጁ ይፈልግሃል» ተባልኩ። ሌላ ሥራ ሊሰጠኝ ነው ብዬ ፀጉሬን በውኃ አበጥሬ ሄድኩ። ምሳ ሰዓት ነው፣ ግቢው ጢም ብሏል። እሱ ቧንቧው አጠገብ ቆሟል፣ እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ።

«ፍራሹን የሠራኸው አንተ ነህ?»

«አዎ ጓድ! እንዴት ነው፣ ተመቸ?» አልኩት እንደ ሞኝ።

«ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጡ እንግዳ ሲያክኩ አደሩ። ትኋን በጥጥ ጠቅልለህ አመጣህብን!»

«ጓድ፣ እኔ ጥጤን ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ሳላሰጣ...»

«ዝም በል! ዘበኛ፣ ፍሊቱን አምጣ!»

ፍሊት ታውቃላችሁ አይደል፣ ለዝንብና ለትኋን የሚነፋው መድኃኒት፣ ያ ፓምፕ ያለው ቆርቆሮ። ዘበኛው አመነታ። «ንፋበት!» አለው። ነፋብኝ። ከፀጉሬ ጀምሮ እስከ ጫማዬ። የበላተኛው ሳቅ ፍሬን የበጠሰ መኪና ይመስል ነበር። አንዱማ ጉርሻውን ይዞ ተነሥቶ ነው ያየኝ፣ እንዳያመልጠው። ዓይኔ እያቃጠለኝ፣ በዚያችው ቧንቧ ልታጠብ ስል «ውኃችንን አታቆሽሽ!» ብሎ አባረረኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ፍሊት» ሆነ። በየሰፈሩ «ፍራሽ አዳሽ!» እያልኩ ስጣራ በር የሚከፍትልኝ ጠፋ። ልጃቸውን ሊድሩ ጥጥ ገዝተው የተቀመጡ እናት እንኳን፣ እኔ ስጠባ የሚያውቁኝ፣ «ይቅርታ ልጄ፣ ሠርግ ነው፣ ትኋን አልጠራንም» አሉኝ። በራፋቸው ላይ ሳቅኩ። ቤቴ ገብቼ ግን አልሳቅኩም። ሌላ ሙያ የለኝም። አባቴ የተወልኝ ደጋንና የጆንያ መርፌ ነው፣ ሌላው ደግሞ ስሜ ነበር። ያን ቀን ማልኩ። ይሄን ሰውዬ በዚያችው ቧንቧ አጠገብ፣ በዚያው ምሳ ሰዓት፣ በዚያው ፍሊት ካላስነፋሁት እኔ የአባቴ ልጅ አይደለሁም። ይቅር በል የሚሉኝ ሰዎች ነበሩ። እነሱ ላይ ስላልተነፋ ነው።

ሥራ ፍለጋ ስሜ ወዳልደረሰበት ወደ ወለንጪቲ ሄድኩ። በሆቴሉ ደጃፍ ሳልፍ አልጋ የሚያነጥፉት ሴትዮ ጠሩኝ።

«አንተ ባለ ደጋን! ና እስቲ!»

«አካም ቡልተን፣ እትዬ?» አልኩ፣ እንዴት አደሩ ለማለት በኦሮምኛ።

«ነጋ፣ ነጋ፣ ደህና ነኝ። ሰላምታው ይቆይህና ይሄን ጠግንልኝ። ሲጭኑት ሚስማር ቀደደው፣ ቀለምም ነክቶታል። ዛሬ ተቆጣጣሪዎቹ ይመጣሉ፣ በላዩ የሚያድሩት ትልቁ ናቸው።»

ፍራሹን ገለበጥኩት። መሐሉ ላይ የጫማ ቅርጽ ያለው ሐምራዊ ቀለም ተደፍቶበታል። ዓይኔ የሄደው ግን ጠርዙ ላይ ነው። እኔ ስፌት ስጨርስ ሲባጎውን ሦስት ጊዜ ጠምዝዤ ቋጠሮውን ወደ ውስጥ እቀብረዋለሁ። ሌላው ፍራሽ አዳሽ ውጪ ቋጥሮ ይቆርጠዋል። የኔን አባቴ ነው ያሳየኝ፣ ማንም ጋ የለም። ጣቴን ሰደድኩ። ቋጠሮዬ እዚያው ተቀብሯል።

«እትዬ፣ ይሄ ፍራሽ እኮ የናዝሬት ነው።»

በሩን ዘወር ብለው አዩ። «ማን ነገረህ?»

«ቋጠሮዬ።»

ሴትዮዋ ሳቁ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አወሩልኝ። ተቆጣጣሪዎቹ ሲመጡ ስምንቱ ደህና ፍራሾች ከናዝሬት ወጥተው መጀመሪያ ሞጆ ይነጠፋሉ። ጠዋት ሰዎቹ መዝገብና ወጥ ቤት ሲመረምሩ ፍራሾቹ በጓሮ በር ፒክአፕ ላይ ይወጣሉ። ሰዎቹ ምሳ ሲበሉ ፍራሾቹ ቀድመዋቸው ናዝሬት ይገባሉ። በማግስቱ ወለንጪቲ፣ ከዚያ መቂ። የቀሩት ክፍሎች ቁልፋቸው ጠፍቷል ይባላል።

«ትኋኑስ፣ እትዬ?»

«ትኋኑማ ሞጆ ነው የሚሳፈረው። የዚያ አልጋ እንጨት ነው፣ ስንጥቁ ሁሉ ትኋን ነው። የናዝሬቱ ብረት ላይ ምን ይኖራል? ፍራሹ ዞሮ ሲመለስ ነው ይዞለት የሚገባው።»

እኔን በፍሊት አስነፋኝ፣ ትኋኑን በመንግሥት መኪና ያመላልሳል!

«ይሄ ቀለምስ?»

«ትልቁ ተቆጣጣሪ ናቸው። በሐምራዊ የሚጽፍ ከሳቸው በቀር የለም። ናዝሬት አልጋ ላይ ሆነው ሲጽፉ ደፉት መሰለኝ። አፍረው ገልብጠውት ወጥተዋል።» ከዚያ ክንዴን ያዙኝ። «ስሜን እንዳታነሣ። አምስት ልጅ አለኝ።»

«ስምዎን መች አወቅኩትና፣ እትዬ?»

ቀለሙ ላይ እራፊ ጣልኩበት። ግን አሰፋፌን ስሙ። ልብስ ሰፊዎች ልብሱን ሊለኩ ለጊዜው እንደሚያያይዙት፣ በአንድ ክር ዙሪያውን አያያዝኩት። ጫፏን ከሳብካት ሁሉም ባንዴ ይፈታል። በማግስቱ ጠዋት ፍራሾቹ ሲጫኑ ለፒክአፑ ሹፌር «ስፌቱ መንገድ ላይ እንዳይለቅ ላጅብልህ» አልኩት። «እሺ፣ ላዩ ላይ ውጣ» አለኝ። ስምንት ፍራሽ ላይ ተንጋልዬ መቂ ገባሁ፣ ንጉሥ እንዲህ አልተጓዘም። ሞጆ ላይ የተቆጣጣሪዎቹ ላንድሮቨር ምግብ ቤት ደጃፍ ቆሞ አየሁት፣ ጥብስ እየበሉ ነው። በእጄ ሰላም አልኳቸው።

እነሱም መቂ መጥተው በፍራሾቼ ላይ አደሩ። በማግስቱ ጠዋት የጉብኝቱ መዝጊያ ግምገማ ነበር። የአራቱም ሆቴሎች ሠራተኞች ምግብ አዳራሹ ውስጥ ተሰብስበዋል። ጠረጴዛው ላይ ዋንጫ አለ፣ ለሥራ አስኪያጁ ነው። በሐምራዊ ቀለም የተጻፈው ሪፖርትም አጠገቡ ተዘርግቷል። እሱ ቆሞ «በአራቱም ሆቴሎቻችን አንድ ዓይነት ምቾት...» ሲል እኔ እራፊ የጣልኩበትን ፍራሽ ትልቁ ተቆጣጣሪ ካደሩበት ክፍል አውጥቼ ተሸክሜ ገባሁ።

«ማነው ይሄ?» አሉ ትልቁ ተቆጣጣሪ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቀጭን ሰው ናቸው።

«ፍሊት ነኝ!» አልኩ።

ሥራ አስኪያጁ አወቀኝ። «ጓዶች፣ ይሄ አሻጥረኛ ነው! ውሰዱት!»

ያን ጊዜ ይቺ ቃል ቀልድ አልነበረችም። ከሰፈሬ በሷ ሄዶ ያልተመለሰ ሰው አለ። ግን ፍራሽ የተሸከመ ሰው መሮጥ አይችልም።

ፍራሹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ዋንጫው ወደቀ። ክሯን ሳብኩ። እራፊው ተፈቶ ተንሸራተተ፣ ሐምራዊው ጫማ ወጣ።

ትልቁ ሰውዬ ቀለሙን አዩ። ሪፖርታቸውን አዩ። ሁሉም ሰው እሳቸው ያዩትን ተከትሎ አየ። «አላውቀውም» ቢሉ ዛሬ ይሄን የሚያወራችሁ አይኖርም ነበር። አንገታቸውን አከኩ።

«ይሄ... ናዝሬት የተኛሁበት አይደለም እንዴ?»

«ሞጆም፣ ናዝሬትም፣ ወለንጪቲም የተኙበት ነው፣ ማታም እዚሁ አድረውበታል። ጓድ፣ እርስዎ አራት ሆቴል አላደሩም፣ አንድ ፍራሽ ላይ አራት ሌሊት ነው ያደሩት። እኩል ናቸው ብለው የጻፉት ልክ ነው። አንድ ፍራሽ ከራሱ ጋር እኩል ነው።»

ከወጥ ቤቱ በር አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት። ከዚያ አዳራሹ ሁሉ ፈነዳ። እሳቸው ግን አልሳቁም። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ ክንዳቸው ከላይ እስከ ታች ቀይ ነጥብ ነው።

«ይሄስ?»

«እሱ ሞጆ የተሳፈረ ነው፣ ጓድ። እኔ በእግሬ ስዞር እሱ በመንግሥት መኪና ይዞራል። ፍሊት የተነፋው ግን እኔ ላይ ነው።»

«ይሄን ሁሉ ማን ነገረህ?» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ዓይኑ የወለንጪቲ ሠራተኞች ላይ እየዞረ።

«ማንም። የገዛ ስፌቴን አውቃለሁ።» የመጨረሻውን ጠርዝ ገልጬ ቋጠሮዬን አሳየሁ።

ትልቁ ሰውዬ ሪፖርታቸውን ለሁለት ቀደዱት። «አንተ ምን ይደረግልህ?» ሲሉኝ ሥራ ልለምን መስሏቸው ነበር።

«ናዝሬት፣ ግቢው ውስጥ፣ ቧንቧው አጠገብ፣ በምሳ ሰዓት እሱ እውነቱን ይናገርልኝ። በላተኛው ሁሉ እየሰማ።»

ቅዳሜ ቀን ተናገረ። ትልቁ ሰውዬ ራሳቸው ወንበር ስበው ተቀምጠዋል። እኔ ከሰፈር ሰው ጠርቼ ነበር፣ እነዚያን ልጅ የሚድሩ እናትም ጭምር። ግቢው ከዚያን ቀንም የበለጠ ጢም ብሏል።

«ትኋኑ... የፍራሽ አዳሹ አልነበረም» አለ ወደ መሬት።

«አልተሰማም፣ ጓድ!»

«ትኋኑ የሱ አልነበረም።»

«ከኋላ ያሉት አልሰሙም!»

ሦስተኛ ጊዜ ጮኸ። ሊሄድ ዞር ሲል «ጓድ፣ ትንሽ ይቆዩ» አልኩት። ዘበኛው፣ ያው የነፋብኝ ዘበኛ፣ ፍሊቱን አቀበለኝ። ሰውዬው ቆርቆሮውን አየ፣ ወደ ትልቁ ሰውዬ ዞረ። እሳቸው ክንዳቸውን እያከኩ ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ዓይኑን ጨፈነ። ነፋሁበት። ከፀጉሩ እስከ ጫማው፣ ሳልቸኩል፣ ጆሮውን እንኳን አልዘለልኩም። ውስጡ ጠዋት ከቧንቧዋ የቀዳሁት ውኃ ብቻ ነበር። እሱ ግን አላወቀም። ትንፋሹን ይዞ ከንፈሩን ገጥሞ ቆመ፣ ፊቱ እስኪጠቁር። አላዘንኩለትም። አሁንም አላዝንለትም። እንዲያውም ትዝ ባለኝ ቁጥር እንቅልፌ ይጣፍጠኛል።

ሰኞ ጠዋት የሙሽራዋ እናት በሬን አንኳኩ። ጥጡን አሸክመው ራሳቸው ነው የመጡት። የልጅቷ ፍራሽ አራት ቀን ፈጀብኝ፣ ሦስቴ ጠምዝዤ ቋጠሮዬን ቀበርኩት።

አሁንም ውሸት ነው? እንግዲያው ናዝሬት ውረዱ። ያን ቅዳሜ ምሳ የበላውን ሁሉ ጠይቁ። ዘበኛውን ጠይቁ፣ የሙሽራዋን እናት ጠይቁ፣ የፒክአፑን ሹፌር ጠይቁ። መቂም ሄዳችሁ ወጥ ቤት የሳቀችውን ሴት ጠይቋት፣ እስከ ዛሬ አላቆመችም ይባላል። ወለንጪቲ አልጋ የሚያነጥፉትን ሴትዮ ግን እንዳትጠይቁ። እሳቸው ምንም አያውቁም።