ከኋላ ያልታሰረው ገመድ

እንጨት ማለት ለእኔ ሞፈርና ቀንበር ነበር። በአገራችን የሚጎተት ነገር ሁሉ መሬት እየቧጠጠ ነው የሚሄደው፤ የሚንከባለል ነገር ካየን ከገደል የሚወርድ ድንጋይ ነው። የንጉሡ ወታደር ደጄ መጥቶ «ጠራቢ ነህ አሉ፤ ጋፋት ትፈለጋለህ» ሲለኝ ምን ልጠርብ እንደምሄድ እንኳ አልጠየቅሁም። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።

ጋፋት ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ ያለች ኮረብታ ናት። ንጉሡ ከባሕር ማዶ የመጡ ፈረንጆችን ከአገር ቀጥቃጮች ጋር አስፍረው መድፍና የመድፍ ሰረገላ ያሠሩባት ነበር። ወናፉ ቀኑን ሙሉ ሲያናፋ ይውላል፣ የከሰል ጢሱ ዓይን ያቃጥላል። እኔ የተሰጠኝ መንኰራኵር ነው። እምብርቱን ከወይራ አወጣሁ። ዙሪያውን ገጥሜ ስጨርስ ቀጥቃጮቹ ብረቱን አግለው አለበሱት፣ ውኃ ሲያፈሱበት ብረቱ እየጠበበ እንጨቱን ነከሰው። የገጠምሁት ሁሉ ሲጠብቅ በጆሮዬ ሰማሁት። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ።

ታላቅ ወንድሜ ግን ጋፋትን አንድም ቀን አልወደዳትም። ገበሬ ነው፤ ጉልበቱና ድምፁ ታይቶ ለገመድ ጎታችነት ተወሰደ። ከቀጥቃጭ ጋር መዋል በእኛ ዘንድ ያሳማል፣ ቡዳ ይባላል፤ እሱም ማታ ማታ «ዓይንህን እስቲ አሳየኝ፣ ቀልቷል» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ቀልዱን ሲጨርስ ስለ መሬቱ ያወራል። ማሳው ተደጋግሞ ታርሶ፣ ለስልሶ ዘር ይጠብቃል። ሐምሌ ገብቷል። የጤፍ መዝሪያው ካለፈ እናታችንም፣ ሚስቱና ልጆቹም ዓመቱን ምን ሊበሉ ነው? ሌላ ሐሳብ አልነበረውም።

ንጉሡ የሾሙብን አለቃችንም ይህን ያውቃል። «ሰረገላው ሜዳ ይውረድና ንጉሡ ይዩት፤ በማግስቱ ሂደህ ዝራ» አለው። ከዚያ ወዲያ ወንድሜን ማን ይያዘው!

በዚያ ሳምንት ሥራውን የሚመራው ፈረንጅ በንዳድ ወድቆ ነበር። እሱ እስኪነሣ እንጠብቅ ያለ ሰው አልነበረም። መጎተት እንደሆነ እናውቅበታለን፤ ከዱር ግንድ ስንጎትት አይደል ያደግነው? መድፉን የሚያህል ድንጋይ ጫንን፣ ገመዱን ሁሉ ከፊት አሰርን። ወንድሜ ግንድ ሲጎትት እንደሚያደርገው የገመዱን ጫፍ ወገቡ ላይ ቋጠረ። ወገብ ከእጅ ይበልጣል ይል ነበር። እሱ ዜማ ያወጣል፣ ጎታቹ ይቀበላል። እኔ የመንኰራኵሩን ድምፅ ላዳምጥ ከኋላ ተከተልሁ።

እስከ አፋፉ ድረስ መልካም ነበር። ቁልቁለቱን ሲጀምር ገመዱ ላላ። ጎታቾቹ ቀለለልን ብለው ሳቁ፣ የወንድሜም ሳቅ ተሰማኝ። ግንድ ቁልቁል ሲጎተት ከቆምህ ይቆማል። ይህ ግን አልቆመም። ወደ እነሱ መጣባቸው።

ሰዉ ገመዱን እየጣለ ግራና ቀኝ ተበተነ። ወንድሜ ቋጠሮውን ሊፈታ ሲታገል አየሁት፤ ዝናብ የመታው ቋጠሮ አይፈታም። የሰረገላውን የኋላ እንጨት በሁለት እጄ ያዝሁ። ተረከዜን ጭቃው ላይ ተከልሁ። ጎተተኝ። ራሴ የጠረብሁት እንጨት መዳፌን ገሽልጦ ከእጄ ወጣ።

ሰረገላው በወንድሜ ላይ አልፎ የሰው ማሳ ውስጥ ገብቶ ቆመ። እኔ ወንድሜን ታቅፌ ጭቃ ላይ ተቀምጫለሁ። አለቃው በአጠገባችን ሮጦ አልፎ መንኰራኵሩን ዞሮ ዞሮ አየው። «ምንም አልሆነ፤ ተመስገን!» አለ። እውነቱን ነበር፤ አንድ ስንጥቅ አልነበረበትም። ያን ጊዜ መጥረቢያዬ በእጄ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የምፈልጠው መንኰራኵሩን ይሁን አለቃውን ዛሬም አላውቅም።

ፈረንጁ ከነንዳዱ በሰው ተደግፎ መጣ። ገመዶቹን አየ፣ ከዚያ ወደ ሰረገላው ጀርባ ዞረና ቆመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከኋላ ገመድና ያዥ ሰው የሌለው ሰረገላ ቁልቁለት እንዳይወርድ ታዘዘ። የበለጠ ሰው ከኋላ፣ ጥቂቱ ከፊት። እንዲህ ቀላል ነገር ነበር።

ወንድሜን በዚያው ገመድ ቃሬዛ ሠርተን ወደ አገሩ አገባነው። ቀብረን ስንመለስ እናታችን መደቡ ላይ ተቀመጠች፤ እንባዋ አልቋል።

«ምን ገደለው?» አለችኝ።

«ሰረገላ።»

«በሬ ወጋው?»

«የለም፣ በሬ የለውም።»

«መድፍ ነው?»

«መድፍም አይደል።»

መንኰራኵር አይታ አታውቅም። ቃል ቢያጥረኝ ከግድግዳው ሰፌድ አወረድሁና በጠርዙ አቁሜ ለቀቅሁት። ወለሉ ወደ እሷ ያዘቀዝቃል። ሰፌዱ እየተንከባለለ እግሯ ዘንድ ሲደርስ እጇን ሰድዳ ያዘችው። ቆመ።

ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰችው።

«ከኋላው የሚይዘው ሰው አልነበረም?» አለችኝ።

በጨርቅ የተጠቀለሉትን እጆቼን ከጋቢዬ ውስጥ አወጣሁ።

«ነበረ እምዬ» አልኳት። «ገመድ አልነበረውም።»