በገበያ ቀን የተለካ ጫማ

«ነገ ገበያ ነው፤ በገበያ ቀን መርዶ አይነገርም አልኩሽ እኮ!» አባቴ ድምፁን አፍኖ ነበር የሚቆጣው።

«ታዲያ መቼ? ሆዴ እስኪፈነዳ ልጠብቅ?» እናቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሻንጣውን በሁለት እግሮቿ መሃል ይዛዋለች። «ወንድሟ ነው የሞተው። እሷ እታች ሆና ታንጎራጉራለች፣ እኔ እዚህ ተቀምጬ እሰማታለሁ።»

«እሑድ ሲነጋ አልን። ወዳጆቻችን አቶ ይልማና ባለቤታቸው ከለንደን ይደርሳሉ። ሰው ባለበት፣ በወጉ ይነገራታል።»

«ወግ! እዚህ አገር ምን ሰው አለና ነው ወግ የምትለኝ?»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ደግሞ ትንፍሽ እንዳትዪ።»

ከታች አክስቴ ሙሉ ተጣራች። «እናንተ ሰዎች፣ አገር ለአገር ዞራችሁ የመጣችሁት መኝታ ቤት ልትዘጉ ነው እንዴ? ራቱ ቀዘቀዘ!» እናቴ ፊቷን በመዳፎቿ ጠረገች፤ ከንፈሯን አንዴ ነክሳ ለቀቀችውና ፈገግታ የመሰለ ነገር ፊቷ ላይ አስቀምጣ ደረጃውን ወረደች። ልጅ እያለሁ ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ እንደዚያ ፈገግታ ያስፈራኝ የለም።

እኛ የምንኖረው ሮተርዳም ነበር። አጎቴ መስፍን፣ የእናቴና የአክስቴ የመጨረሻ ወንድም፣ እንግሊዝ አክስቴ ዘንድ ሊደርስ በእግሩ ወደ ሱዳን ሲወጣ ድንበሩ አጠገብ ወባ ይዞት እንደሞተ ከካርቱም የመጣ ሰው ለአባቴ ነገረው። አባቴ ነገሩን ለብቻው ይዞ ሰነበተ። ከዚያ አንድ ቀን፣ ገና ሳይነጋ፣ ከተማው ውስጥ ያሉት ሐበሾች ጥቁር ለብሰው በራችንን አንኳኩ። እናቴ በሩ ላይ ቆመው ስታያቸው ማንም አፉን ሳይከፍት ገባት። መሬት ላይ ስትወድቅ የሚያነሷት፣ ደረቷን ስትደቃ እጇን የሚይዟት ነበሩ። ከላያችን የምትኖረው ሆላንዳዊት በሌሊት ልብሷ ወርዳ ሰው እየገደላችሁ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። አንዱ ሽማግሌ በተሰባበረ ሆላንድኛ «አይደለም እሜቴ፣ እየቀበርን ነው» አላት።

አክስቴ ግን ማን አላት? ነርስነት ልትማር ሄዳ በቀረችባት ትንሽ የእንግሊዝ ከተማ ሐበሻ እሷ ብቻ ነበረች። በስልክ መንገር ለአባቴ ከነውርም በላይ ነበር፤ ብቻዋን ቆማ ሰምታ፣ ስልኩን ዘግታ፣ ከዚያስ? ስለዚህ ለመጠየቅ የመጣን መስለን ከሁክ ፋን ሆላንድ ወደብ መርከብ ተሳፈርን። እናቴ ጥቁር ልብሷን ሻንጣው ሥር፣ ከእኔ ፒጃማ በታች ደብቃዋለች።

ከተማዋ አንድ አደባባይና ከአደባባዩ የሚወጡ ጥቂት መንገዶች ነች። ቤቶቹ አልቀው ሳይጨርሱ ጫካው ይጀምራል። ቅዳሜ ጠዋት አደባባዩ በሸራ ድንኳን ተሞልቶ አገኘነው፦ የሚጠበስ ሽንኩርት፣ እርጥብ ሱፍ፣ የአይብና የፈረስ ሽታ አንድ ላይ። የሮተርዳምን ገበያ ለምጄ ጩኸቱ አነሰብኝ። እዚህ ሻጩ ሁሉ አክስቴን በስሟ ይጠራታል፤ ድንች የሚሸጠው ቀይ ሰውዬ ደግሞ «ፍቅሬ» አላት። አባቴ ዓይኑ ፈጠጠ።

«ምን ነካው ይሄ ሰው?»

«ተወው ጋሼ፣» አለች አክስቴ እየሳቀች፣ «እዚህ አገር ድንች የሸጠልኝ ሁሉ ፍቅረኛዬ ነው። የሽንኩርቱን ብታየው ደግሞ እጮኛዬ ነው የሚመስልህ።»

እንደዚያ ስትስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቴ ነበር። ረጅም ነች፣ ጉንጯ ላይ እንደ እናቴ ያለ ስርጉድ አላት፣ እንግሊዝኛዋን የምታወራው በአማርኛ ዜማ ነው። የማያውቃት ሻጭ አልነበረም፤ የመስፍንን መምጣትም ያልሰማ አልነበረም። ዳቦ ሻጯ ወደ አባቴ እያየች «ወንድምሽ ይሄ ነው?» አለቻት። «አይደለም፣ የእህቴ ባል ነው። ወንድሜማ ይህን ድንኳን ጎንበስ ሳይል አይገባም» አለች አክስቴ፣ ልክ በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ እንዳለ ሁሉ። እናቴ ወዲያው ሳል ያዛት። ከመጣን ጀምሮ የዓይኗን መቅላት በጉንፋን ነበር የምታሳብበው። አክስቴም ማር ገዛችላት።

ከዚያ የጫማ ሻጩ ድንኳን ደረስን። አክስቴ አንድ ጥንድ ወፍራም ቡናማ ቦት ጫማ አነሳች፤ ሶሉን በጣቷ መታች፣ ውስጡን አሸተተች። መስፍን ጫካው ውስጥ ባለው የእንጨት መሰንጠቂያ ሥራ እንዲያገኝ አስተዳዳሪውን አነጋግራ ጨርሳለች፤ በዚያ ጭቃ ከአዲስ አበባ ባመጣው ጫማ አይቆምም።

«ጋሼ፣ የአንተና የመስፌ እግር እኩል ነው፤ አገር ቤት ጫማህን እየሰረቀ ያስቸግርህ አልነበር? በል ለካልኝ።»

አባቴ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ኧረ... እኔ እግሬ አብጧል፣ መርከቡ...»

«ምን ሙሽራ ያደርግሃል? ተቀመጥ አልኩህ!»

ተቀመጠ። አክስቴ ተንበርክካ ጫማውን በእጇ አወለቀች፣ አዲሱን አጠለቀችለት፣ ማሰሪያውን አጥብቃ አሰረች። አባቴ ተነሥቶ ሳር በተነጠፈበት መሬት ላይ ሄድ መለስ አለ። ገበያተኛው መሃል በሞተ ሰው ጫማ ሲራመድ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ፤ አየሩ ቀዝቃዛ ነበር። እናቴ ሁለተኛውን ጫማ ይዛ ቆማለች፤ ጣቶቿ ቆዳው ውስጥ ሊገቡ ምንም አልቀራቸውም። አባቴን ትክ ብላ ስታየው አሁን ንገራት፣ አሁን፣ የምትል ይመስለኝ ነበር። አባቴ ግን አጎንብሶ ማሰሪያውን ፈታ፤ «ልክ ነው» አለ።

ከሰዓት በኋላ ጫካውን ልታሳየን ወሰደችን። ዛፎቹ ቅጠላቸውን እያራገፉ ነው፤ መሬቱ በሆላንድኛ ካስታንየ የምንለው እሾሃም ፍሬ ተሞልቷል። ከሩቅ የመጋዝ ድምፅ ይመጣል፣ አየሩ ሰጋቱራ ሰጋቱራ ይላል። አክስቴ ከፊት እየሄደች ታስረዳለች፤ በዚህ በኩል ነው የሚሄደው፣ ዝናብ ሲሆን በዚያኛው፣ ምሳውን እኔ አመጣለታለሁ፣ ለቋንቋው የቄሱ ሚስት ልታስተምረው ቃል ገብታለች። ያላሰበችው ነገር አልነበረም። እናቴ ፍሬ ልልቀም ብላ ከመንገዱ ወጣች። ተከትያት ስሄድ አንድ ግዙፍ ዛፍ አቅፋ፣ የአንገት ልብሷን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ አገኘኋት። ሰውነቷ በሙሉ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፅ ግን የለም። ስታየኝ ጨርቁን ከአፏ አውጥታ «ፍሬ ልቀሚ» አለችኝ። ሁለታችንም ተንበርክከን ለቀምን።

ያን ማታ አክስቴ ጫማውን ስብ ቀብታ ምድጃው አጠገብ አስቀመጠችው።

እሑድ ሊነጋጋ ሲል እናቴ ቀሰቀሰችኝ። ጥቁሯን ለብሳለች፤ ነጠላዋን ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋዋለች። ወጥ ቤት ወርደን አቶ ይልማን መጠበቅ ጀመርን። አባቴ ኮቱን እንደለበሰ መስኮቱ ላይ ቆመ። አደባባዩ ባዶ ነው፤ ትናንት ያን ሁሉ ሰው ያየሁበት መሬት ላይ የጎመን ቅጠል ብቻ ቀርቷል። የአውቶቡስ ድምፅ የለም። ባቡር የለም። ትልልቆቹ ሰዎች ቀጠሮውን የያዙት እንደ አገራቸው ነበር፣ እሑድ፣ ሲነጋ፤ በዚያች ከተማ እሑድ ከቀትር በፊት ምንም ነገር እንደማይንቀሳቀስ ማናቸውም አልጠየቁም። አክስቴን ቢጠይቋት ትነግራቸው ነበር። እሷን ደግሞ መጠየቅ አይችሉም።

ደረጃው ሲንቋቋ ሦስታችንም ዞርን። አክስቴ የቤት ጋውኗን ደርባ፣ ፀጉሯን በሻሽ አስራ ቆማለች። መጀመሪያ እኔን አየች፣ ቀጥሎ የአባቴን ኮት፣ ቀጥሎ የእናቴን ነጠላ። የነጠላው ጥለት ላይ ዓይኗ ቀረ።

«መስፌ ነው?» አለች።

እናቴ ያን ጊዜ ለቀቀችው። ከሆዷ የወጣውን ድምፅ አሁንም አንዳንዴ ትራም ሲታጠፍ እሰማዋለሁ። እጆቿን ዘርግታ ወደ እህቷ ሄደች። አባቴም እንዳትወድቅ ሊይዛት ተጠጋ፤ የመጣነው ለዚህ አይደል? አክስቴ ግን አልወደቀችም። አልጮኸችም። ሁለቱን በእጇ ገታቻቸው።

«አንቺ መቼ ሰማሽ?»

«ሙልዬ...»

«መቼ?»

«ባለፈው ወር» አለች እናቴ።

«ትናንት ጫማውን ሳስለካ ታውቁ ነበር?»

አባቴ «ሰው ሳይኖር፣ ብቻሽን...» ብሎ ጀመረ።

«ብቻዬን?» አለች። «ጋሼ፣ እኔ ለከተማው ሁሉ ወንድሜ ሊመጣ ነው እያልኩ ስስቅ ነው የዋልኩት። ያን ጊዜ ነበር ብቻዬን የተዋችሁኝ።»

አሁን እኔ አምስተርዳም፣ ኢንዲሸ ቡርት በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ዛሬ ዛሬ ሰው ሲሞት በስልክ ነው የምንሰማው። ዲመን በምትባል ጎረቤት ከተማ ያለች ጓደኛዬ ወንድሟ መሞቱን የተማሪዎቹ መኖሪያ ኮሪደር ላይ ቆማ ሰማች፤ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ደግፋ በሆላንድኛ «ያ፣ ያ»፣ አዎ አዎ፣ እያለች፣ አጠገቧ ሰው ሳህን እያጠበ። እጇን የያዘላት አልነበረም። ንገሪያት ብባል ኖሮ እኔም በስልክ ነበር የምነግራት፤ ሌላ መንገድ አላውቅም። ሆኖም በኋላ ልጠይቃት ሄጄ በዚያ ኮሪደር ቆሜ የናፈቀኝ የአባቴ ኮት ነበር፤ ባሕር ተሻግሮ፣ ቀን ቆጥሮ፣ ሰው እስኪመጣ በመስኮት የሚያይ። ደግሞም የአክስቴን ፊት አስታውሼ ናፍቆቴ አፈረ። እናቴ ሮተርዳም አጠገብ ካፔለ ካለው ቤቷ እስከ ዛሬ በየገናው ትደውልላታለች። ስልኩ ይጠራል፤ የሚያነሳው የለም።

ያን ጠዋት አክስቴ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ወደ ምድጃው ሄዳ ቦት ጫማውን አነሳች፤ ማሰሪያዎቹን በአንድ ላይ ቋጠረችና ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለችው። እናቴ «ሙልዬ፣ አብረን እናልቅስ፣ በእናትሽ፣ አብረን» እያለች የጋውኗን ጫፍ ያዘች። አክስቴ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው፤ አልጨከነችባቸውም፣ የበሽተኛ እጅ እንደምታላቅቅ ነበር። በመስኮቱ የጫካው ጫፍ ገና ጥቁር ነው። በሩን ከፈተች፤ ብርዱ ገብቶ እግራችንን ነካን። ወጣች። ዓመታት ሙሉ ድምፁን አጥፍቶ ከሚኖር ጎረቤት ጋር የኖረች ሰው ነችና ያን ጊዜም እጀታውን ይዛ፣ ማንንም እንዳትቀሰቅስ፣ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።