በሰላም ወጥተዋል

የካቲት ፳፫ ቀን ጠዋት እህቴን ልቀሰቅስ ክፍሏ ስገባ ኮምፒዩተሯ እንደ በራ ነበር። ለጀማሪዎች የምታዘጋጀው ትምህርት ተከፍቷል። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር “ሰውየው ‘ውጣ’ የሚለውን ሲጫን ሰርቨሩ በመጀመሪያ” ይልና ይቆማል። በመጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ አልጻፈችም። እሷም አልነቃችም።

ሐኪሙ ልብ ነው አለ። ከልጅነቷ ጀምሮ ልቧ ደካማ እንደነበር አውቃለሁ፤ ሕክምና ስላልተማርኩ አልከራከረውም። የተማርኩት የመዛግብት አያያዝ ነው፤ እንጀራዬም እሱው ነው። በእኛ ሙያ ማን ምን እንዳደረገ ሳይለሰልስ ይጻፋል። እኔም ያንን ደካማ ልብ ማን እንደ ረገጠው ሳላለሰልስ እጽፋለሁ።

“ብስኩት” ያሏት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። ሙያዋ ከድረ ገጽ በስተጀርባ፣ ሰርቨር በሚባለው ማሽን ላይ የሚሠራውን ኮድ መጻፍ ነበር፤ በተለይ ኩኪ የሚባለውን ነገር እንደ እሷ የሚይዘው አልነበረም። ኩኪ በፈረንጅ አፍ ብስኩት ማለት ስለሆነ ስሙ ተለጠፈባት። እናታችን ቅጽል ስሙን በስልክ ሰምታ ልጇ ብስኩት ፋብሪካ የገባች መሰላት፤ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች።

“ታዲያ ምነው አንድ ቀን እንኳ ፍርፋሪ ይዘሽ አትመጪ?” አለቻት።

“እማዬ፣ የእኛ ብስኩት አይበላም።”

“የማይበላ ብስኩት ማን ይገዛል? ይኼ ቤት ከሳሪ ነው ልጄ፤ ከወዲሁ ሌላ ሥራ ፈልጊ።”

ለእኔ ያስረዳችኝ በእኔው ሥራ ነው። እኛ ንባብ ክፍል የሚገባ ሰው ቦርሳውን በር ላይ አስረክቦ ቁጥር የተጻፈበት ቆርቆሮ ይቀበላል።

“ሰርቨር ማለት እትዬ፣ የሰው ፊት የማይለይ በረኛ ነው” አለችኝ። “አሁን አነጋግሮሽ ዞር ሲል ይረሳሻል። ስለዚህ ስትገቢ ቁጥር ይሰጥሻል፤ አዲስ ገጽ በከፈትሽ ቁጥር ታሳይዋለሽ። ኩኪ ማለት ያ ቆርቆሮ ነው።”

“ስወጣስ?”

“ስትወጪ በረኛው ቁጥሩን ከራሱ ዘንድ ይሰርዛል። ቆርቆሮውንም ይቀበልሻል። አንዱን የተወ ሰነፍ ነው። ሁለቱንም የተወ ግን ወንጀለኛ ነው።”

ሁለቱንም የተወው አለቃዋ ነው። አፉን በከፈተ ቁጥር “ቶሎ በሉ” ስለሚል ሠራተኞቹ ጋሽ ቶሎ ይሉታል። እኔም በዚሁ አቆየዋለሁ፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም እዚህ ማስፈር እሱን ማክበር ይሆንብኛል።

መሥሪያ ቤታቸው ከመነጽር ሱቅ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። የብስኩት ጠረጴዛ ማተሚያው አጠገብ ስለነበር ወረቀት በወጣ ቁጥር ክርኗ ይንቀጠቀጣል። እዚያ ተቀምጣ ለአንድ ክሊኒክ ሲስተም ሠራች። ታካሚው በስሙና በይለፍ ቃሉ ገብቶ የምርመራ ውጤቱን ያያል፤ ለማይመቸው ሰው ደግሞ በመጠበቂያው አዳራሽ አንድ የጋራ ኮምፒዩተር ተቀመጠ። ብስኩት የጋራ ኮምፒዩተር እንዳለ ስትሰማ የመውጫውን ኮድ ደጋግማ ፈተነችው። ከአንዱ በኋላ ሌላው እዚያው ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ታውቃለች።

ሲስተሙ ሊመረቅ ሲል ጋሽ ቶሎ የመውጫው ገጽ መልኩ አልጣመውም። እሷ ምሳ ስትወጣ ክፍት በተወችው ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጦ ገጹን በገዛ እጁ እንደ አዲስ ጻፈው። በእሷ ማሽን ስለሆነ ሥራው በእሷ ስም ተመዘገበ።

“አሳምሬልሻለሁ” አላት ስትመለስ።

“አንዴ ልየው ጋሼ።”

“ምኑን ነው የምታይው? ይልቅ ክሊኒኩ ይጠብቅሻል። ቶሎ በይ!”

ያሳመረው እንዲህ ነበር። ቁጥሩን ከሰርቨሩ የሚሰርዘውን መስመር አውጥቶ ጣለው። ኩኪው ይሰረዝ ብሎ ሲጽፍ ደግሞ ከየት እንደሚሰረዝ አልገለጸም። ኩኪ ሲሰጥ “ለቤቱ በሙሉ”፣ ማለትም ለድረ ገጹ ሁሉ ተብሎ ከተሰጠ፣ ሲሰረዝም “ከቤቱ በሙሉ” መባል አለበት። ያ ካልተባለ ድረ ገጽ የሚከፍተው ብራውዘር የመውጫዋን ክፍል ብቻ ይፈትሽና፣ እዚያ ያልነበረውን ኩኪ ሰርዤአለሁ ብሎ ይቀመጣል። እውነተኛው ኩኪ ንቅንቅ አይልም። ገጹ ግን ባማረ ፊደል “በሰላም ወጥተዋል” ይላል።

አንዲት ልብስ ሰፊ የእርግዝና ምርመራዋን ውጤት በዚያ ኮምፒዩተር አየች። መውጫውን ተጫነች፣ በሰላም መውጣቷን አንብባ ተነሣች። ከእሷ ቀጥላ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ገጹን የከፈተችው የእጮኛዋ እህት ነበረች። ሠርጉ ፈረሰ።

ልብስ ሰፊዋ መርፌው ደረቷ ላይ እንደተሰካ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ መጣች። ጋሽ ቶሎ ወንበር እንኳ ሳያቀርብላት ጣቱን ወደ እህቴ ቀሰረ።

“እሷ ናት የጻፈችው። ስሟም ይኸው።”

“ገመናዬን አደባባይ እንዳወጣሽው” አለቻት ሴትዮዋ፣ “የአንቺም አደባባይ ይውጣ።”

ብስኩት “እኔ አይደለሁም” አለች። ስሟ ግን እዚያው ነበር። በዚያው ሳምንት አባረራት። ሥራ ፍለጋ በሄደችበት ሁሉ ወሬው ቀድሟት ይደርሳል፤ አንዱማ ፈተና ሰጥቷት ሲያበቃ “ብስኩት ማለት ኩኪ መሰረዝ የማታውቀዋ ነሽ?” ብሎ ስቆባታል። የምትፈልገው ሌላ ምንም አልነበረም፤ ያንን ስህተት የሠራው ማን እንደሆነ በሰው ፊት እንዲታወቅ ነው። ያ ካልሆነ በዚህ ሙያ የሚቀጥራት የለም። ማተሚያ እየጠገነች ከረመች። ከሳች። ደረጃችንን ስትወጣ መሐል ላይ ቆማ ግድግዳ ትይዝ ጀመር።

እናታችን ትመክራታለች፦ “ተዪው ልጄ፤ ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት።”

“እማዬ፣ እኔ አልጸልይም፣ አልሰርቅምም። እጠብቃለሁ።”

ምን እንደምትጠብቅ ራሷም የምታውቅ አይመስለኝም ነበር። አንድ ቀን ምሳ እየበላን፣ ፊርማ የሌለው የቆየ ጽሑፍ ሲገጥመን ገልባጩን እንዴት እንደምንለየው አወራኋት። የእጅ ጽሑፍ ይመሳሰላል፤ ስህተት ግን አይመሳሰልም። አንዱ ገልባጭ በሄደበት ሁሉ ያችኑ አንዲት ፊደል ይገድፋል፣ ሌላው ያንኑ ቃል ሁለቴ ይጽፋል። ጸሐፊ በስህተቱ ይታወቃል።

ማንኪያዋን አስቀመጠች።

“መልሶ ይጽፈዋል ማለት ነው?”

“ስህተቱን ስህተት ነው ያለው ሰው ከሌለ ምን ያቆመዋል?”

“የለማ። ስህተቱ የእሷ ነው እያለ ለሰው ሁሉ ሲናገር ራሱም ሳያምነው አልቀረም” አለችና ሳቀች። ከተባረረች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም።

ጋሽ ቶሎ ለሌላ፣ ከፊተኛው ለሚበልጥ ክሊኒክ አዲስ ሲስተም ሠራ። ከእሷ በኋላ አንድ ሁለት ጀማሪዎች ብቻ ስለቀሩት ብዙውን የጻፈው ራሱ ነው። ታካሚ ሳይገባበት በፊት ማንም እንዲሞክረው የሙከራ ገጹን ከፈተ። ብስኩት እንደ ማንም ሰው ገባች፤ እንደ ማንም ሰው ወጣች። ገጹን መልሳ ስትከፍት አልወጣችም። ያችው ስህተት ናት።

ድሮ አብሯት ይሠራ የነበረ፣ ዝምተኛው የሚሉት ልጅ ደወለላት። ነገሩን እሱም አይቶታል።

“በጓዳ ንገሪውና ያርመው። ትልቅ ሰው ነው፤ ያፍራል።”

“እኔን ሲያሳፍር በጓዳ ነበር?”

“እሱስ ልክ ነሽ…”

“ታካሚ ገና አልገባበትም፤ የሚጎዳ የለም። በማስተዋወቂያው ቀን፣ በአዳራሽ፣ እሱ ራሱ በእጁ ያሳያቸዋል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም በለው። አይ፣ ተወው፤ ምንም አትበለው።”

አዳራሹ ውስጥ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። የክሊኒኩ ሰዎች ከፊት ናቸው፤ መሐላቸው መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች የክሊኒኩ ባለቤት አለች። ጋሽ ቶሎ አዲስ ክራቫት አስሯል። ጥያቄ ካለ ሲል ብስኩት ተነሣች።

“ብስኩት! አንቺም መጣሽ?” አለ ለአዳራሹ እየሣቀ። “ጥሩ ነው፤ ለመማር አይረፍድም።”

“ለመማር ነው የመጣሁት ጋሼ። ይኼን ሲስተም ማን ጻፈው?”

“እኔ ነኛ። ልጆቹ ቀለም ቀለሙን ነክተዋል፤ መግቢያ መውጫውን ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት። ካለፈው ተምሬ።” እዚህ ላይ እሷን አየና አንዳንዶች ሳቁ።

“ይባረኩ። እስቲ በስምዎ ይግቡልን።”

ገባ። ስሙ በፕሮጀክተሩ ግድግዳው ላይ ሰፍቶ ታየ።

“አሁን ይውጡ።”

ተጫነ። በሰላም ወጥተዋል።

“አየሽ?” አላት። “ቶሎ ነው የሚያስወጣው።”

“እጅግ ቶሎ ነው። አሁን የፊተኛውን ገጽ መልሰው ይክፈቱት።”

ከፈተው። እንኳን ደህና መጡ ይላል፤ ከሥሩ ስሙ አለ። የክሊኒኩ ባለቤት መነጽሯን ከግንባሯ ወደ ዓይኗ አወረደች።

“ወጥተዋል አላልዎትም እንዴ?”

“ይኼ የኔትወርክ… ኔትወርኩ ዛሬ ትንሽ…”

“እንግዲያው እንደገና ይውጡ” አለች ብስኩት።

ወጣ፤ ከፈተ፤ ስሙ አለ። እንደገና ወጣ፤ አለ። ከኋላ አንዱ “ጋሽዬ፣ ሽማግሌ ይላክብዎት?” አለና ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እሷ አልሳቀችም። ሳቁ እስኪያልቅ ቆማ ጠበቀች፤ ከዚያ እንደ አስተማሪ ቀስ ብላ ተናገረች።

“ኩኪው ሲሰጥ ለቤቱ በሙሉ ነው፤ ሲሰረዝ ከመውጫው ክፍል ብቻ። ቁጥሩም ከሰርቨሩ አልጠፋም። በፊተኛው ክሊኒክ የአንዲት ልብስ ሰፊ ሠርግ የፈረሰው በዚችው ስህተት ነው። ያን ጊዜ ሥራው የእሷ ነው ብለው ጣትዎን ወደ እኔ ቀሰሩ። ዛሬ እኔ የለሁበትም። መግቢያ መውጫውን በገዛ እጄ ነው ሲሉ ይኼ ሁሉ ሰው ሰምቷል።”

ጋሽ ቶሎ ክራቫቱን ነካ ነካ አደረገ። ፊቱን አይቼዋለሁ። እስከ ዛሬ ሐዘኑ እንቅልፍ ሲነሳኝ ያንን ፊት አስታውሳለሁ፤ ይጠቅመኛል።

ሥራው ተነጠቀ። የክሊኒኩ ባለቤት በቀጥታ ብስኩትን ቀጠረቻት፤ ሲስተሙን አርማ እንድትይዘው። ጋሽ ቶሎ ስልክ ደወለ።

“ልጄ፣ ያኔ ተሳስተን ነው እኮ።”

“ተሳስተን? ስባረር ብቻዬን ነበርኩ” ብላ ዘጋችው።

የቀረ ነገር አለ። ልብስ ሰፊዋን ፈልገን አጣናት፤ ሱቋን ዘግታ ከሰፈሩ ሄዳለች። ርግማኑን ያለ ቦታው እንዳወረደችው ሳትሰማ ቀረች። ይኼንንም በጋሽ ቶሎ ላይ እጽፍበታለሁ።

በእህቴ ለቅሶ ላይ መጣ። ጥቁር ለብሶ እናታችን ፊት ጎንበስ አለ።

“ማነህ ልጄ?” አለችው፣ ዓይኗ ሰው አይለይም ነበር።

“አብረን እንሠራ ነበር እናቴ።”

“ብስኩት ቤት?”

ሊመልስ አፉን ከፈተ። እኔ ቀደምኩት።

“ይውጡ” አልኩት።

ዘመዶች ደነገጡ፤ አጎታችን “ኧረ በለቅሶ ቤት ነውር ነው” አለ። ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ጋሽ ቶሎ ጫማውን አድርጎ ወጣ፤ ተመልሶም አልመጣ። እሱ ከወጣባቸው መውጫዎች በትክክል የሠራው ይኼኛው ብቻ ነው።

በአዲሱ ሥራዋ ብዙ አልቆየችም። የመጨረሻዋ ቀን ግን የሥራ ቀን ነበረች። ክሊኒኩ ውስጥ ሰርቨሩ የሚቀመጥባትን ጠባብ ክፍል ሰጥተዋታል፤ ክፍሏ አንድ ቁልፍ ብቻ ነበራት፣ እሱም በጸሐፊዋ እጅ። ብስኩት ተውሳው ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ማቆሚያው ጥግ ወዳለው ቁልፍ ቀራጭ ሄደች። ማታ እየሳቀች ነገረችን።

“ስንት ላውጣልሽ?” ብሏታል ሰውዬው።

“አንድ።”

“ለባልሽስ?”

“የሰርቨር ክፍል ቁልፍ የሚሰጠው ባል ገና አልተወለደም።”

አዲሱ ቁልፍ መጀመሪያ በሩ ውስጥ ገብቶ አልዞር አላት። ተመልሳ አንዷን ጥርስ አስሞረደችው። ሁለተኛ ስትሞክረው ዞረ። ክፍሉን ከፈተች፣ ማራገቢያው መሥራቱን አየች፣ ቆለፈች። የጸሐፊዋን ቁልፍ መልሳ ሰጠች፤ የራሷን ኪሷ ከተተች።